ተቀባዩ ይታገድ

«ጥፋቱ የላኪው አይደለም፤ የተቀባዩ ነው» አለች ዋናዋ ሐኪም። «የመጣውን ሁሉ እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። እሱን ማገድ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።»

ጋሽ ግቡ ይህን የሰማው ከስብሰባው ክፍል በር ውጭ፣ ሠላሳ ሁለት የሕሙማን ፋይል እንደ ሕፃን አቅፎ፣ በክርኑ ሊያንኳኳ ሲል ነው። ክርኑ አየር ላይ ቀረ። በዚህ የስኳርና የልብ ክሊኒክ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ተቀባይ የሚባል ሰው እሱ ብቻ ነው። ደረቱ ላይ የተሰካችው ፕላስቲክ ድሮ «እንግዳ ተቀባይ» ትል ነበር፤ «እንግዳ» የሚለው በመታጠብ ብዛት ለቆ አሁን «ተቀባይ» ብቻ ቀርታለች።

ከውስጥ ወጣቱ ሐኪም ጉሮሮውን ጠረገና «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚታገደው?» ብሎ ጠየቀ።

«ከሰኞ።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«ኧረ ቀስ በል! መጀመሪያ በከፊል። ችግር ካላመጣ ሙሉ በሙሉ። ብቻ እሱ ይታገድልን እንጂ ስኳርም ይረጋጋል፣ ልብም ታርፋለች።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ስለ በሽታ ነው የሚያወሩት» ብሎ ያልፍ ነበር። ለክሊኒኩ ሰው ግን ስኳር ማለት በሽታ አይደለም፤ በር ነው። ሁለተኛው በር ስኳር ነው፤ ከሽንት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው የመጨረሻው በር ልብ ነው። «ስኳር ዛሬ ሞልቷል» ይባላል። «ልብ ምሳ ወጥታለች፣ ስምንት ሰዓት ትመለሳለች» ይባላል፤ ማንም አይስቅም። ስኳርና ልብ በማን ምክንያት ዕረፍት እንዳጡ ደግሞ ጋሽ ግቡ አሳምሮ ያውቃል። ትናንት ብቻ ቀጠሮ የሌላቸውን አሥራ አንድ ሰዎች አስገብቷል። አንዱ ከሩቅ መጣሁ አለ፤ አንዷ ልጄን ጎረቤት ጥዬ ነው የመጣሁት አለች፤ አንዱ ምንም አላለም፣ ዝም ብሎ አየው፤ ጋሽ ግቡን ደግሞ እንደ ዝምታ የሚያሸንፈው ነገር የለም። ቅጽል ስሙም የወጣለት ከዚሁ ነው። የመዝገብ ስሙን ደመወዝ ከፋይዋ ብቻ ታውቀዋለች። ወደ መስታወቱ ቀዳዳ ተጠግቶ አፉን የከፈተ ሰው ገና ሳይጨርስ «ግቡ፣ ግቡ» ስለሚል፣ ለሌላው ዓለም ሁሉ ጋሽ ግቡ ነው።

አንኳኳና ገባ። ፋይሎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ሦስቱም ሐኪሞች ቀና ብለው ፈገግ አሉለት። «እግዜር ይስጥልን ጋሽ ግቡ» አለች ዋናዋ። አሥራ አራት ዓመት ስትለው የኖረችው ነገር ነው፤ ዛሬ ግን ቢላዋውን ከኋላው ደብቆ የበጉን ጀርባ እንደሚያሻሽ ሰው ሆና ታየችው። «ምንም አይደል» አለና ወጣ።

ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ያስጨነቀው መታገዱ ብቻ አልነበረም፤ በከፊል የሚለው ነገር ነው። ሙሉ በሙሉ የታገደ ሰው ካፖርቱን አንሥቶ ቤቱ ይሄዳል። በከፊል የታገደ ሰው ምን ያደርጋል? ግማሽ ቀን ይቀመጣል? ወይስ እየተቀመጠ አይናገርም? ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ለጡረታ ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ ከዚህ ወንበር ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ክፍሏን ዞር ብሎ አያት። መስታወቱ የተቦረቦረው ዝቅ ብሎ ስለሆነ ማጎንበስ የሚያመው ሰው እንኳ አጎንብሶ ነው የሚያናግረው። ዘጠኙ የፕላስቲክ ወንበሮች አንድ ብረት ላይ ስለተበየዱ፣ ዳር ላይ ወፍራም ሰው ሲቀመጥ ከወዲያኛው ዳር ያለው ሰው ብድግ ይላል። የካርድ ማውጫው ዋጋ የአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ ካለፈ ቆይቷል፤ ሰው ሚዛኑ ላይ ለመውጣት ጫማውን ሲያወልቅ ዋጋውን እያማረረ ነው። «ያለ ቀጠሮ አናስተናግድም» የሚል ማስታወቂያም አለ፤ ጋሽ ግቡ ራሱ ነው የለጠፈው፤ ከተከፈተ በር በስተጀርባ፣ መጥረጊያው ከሚቆምበት ቦታ ላይ። ተነሣ፤ ማስታወቂያውን በጥፍሩ ቀስ ብሎ ላጠው፤ አቧራውን በእጅጌው ጠረገና መስታወቱ ላይ፣ በሰው ዓይን ትክክል ለጠፈው። እስከ ሰኞ ሦስት ቀን አለ። ሰው በሦስት ቀን ጠባዩን ሊለውጥ አይችልም ያለው ማነው?

የመጀመሪያው ባለ ዕድል የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። በየሳምንቱ የሚመጣ፣ ቀጠሮ የሚባል ነገር ይዞ የማያውቅ ሰው ነው።

«ጋሽ ግቡ፣ ቶሎ ስኳሬን ልለካና ልሂድ። ተሳፋሪ ጭኜ ነው የቆምኩት።»

«ቀጠሮ አለህ?»

ሹፌሩ ወደ ኋላው ዞሮ አየ፤ ሌላ ሰው የተጠየቀ መስሎት። «እኔን ነው?»

«አዎ። ከሌለህ ነገ ና።»

«ነገማ ነገ ነው» አለ ሹፌሩ። ጥቂት ቆሞ «አመመህ እንዴ አንተ?» አለና እየደጋገመ ወደ ኋላ እያየ ወረደ። ከእሱ ቀጥሎ ሁለት ሴቶች ተመለሱ፤ ከዚያ አንድ መምህር፤ ከዚያ ከሩቅ የመጣ ሽማግሌ። ሽማግሌው ሲዞር ጋሽ ግቡ እስክሪብቶውን ጥርሱ መካከል አስገብቶ ነከሰው። ዘበኛው ከታች ወጥቶ አንገቱን በበሩ አሰገገ።

«ጋሽ ግቡ! ዛሬ ጋሽ ውጡ ሆንክ እኮ። በየትኛው ጎንህ ነው የተነሣኸው?»

«አርፈህ በርህን ጠብቅ።»

«በሩንማ ምን እጠብቀዋለሁ፣ አንተ ዘግተኸው!»

ወዲያው ዋናዋ ሐኪም ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ በኮሪደሩ ስታልፍ ባዶዎቹን ወንበሮች አየችና «ምነው ዛሬ ጭር አለ?» አለች። «ባለ ቀጠሮዎቹን ብቻ ነው ያስገባሁት ዶክተር» አላት ከወንበሩ ግማሽ ተነሥቶ። «ጎሽ» አለች። በስልክ ለምታወራው ሰው ይሁን ለእሱ አልለየም፤ እሱ ግን ለራሱ ወሰዳት።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ መጣች።

እትዬ ታላቅ እህቱ ናት። አንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት ክፍሎች ይኖራሉ። አርባ ዓመት የሸሚዝ ኮሌታ ሰፍታ ነው ያሳደገችው፤ ኮሌታ ብቻ፤ እጅጌውን ሌላ ሰው ይሰፋዋል። ቤታቸው ጠብ የሌለበት ቤት ነው። «በላህ?» ይባላል፤ «በሩን ዘጋሽው?» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ መጠያየቅ የለም። ስኳር ከያዛት ስምንት ዓመቷ ነው፤ መድኃኒቷን የምታመጣው ግን ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ከሰፈሩ ማዶ ካለ ጤና ጣቢያ ነው። «የወንድሜን መሥሪያ ቤት የዘመድ መንደር አላደርግበትም» ትላለች። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ይህን ደረጃ ወጥታ አታውቅም። ዛሬ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ የእጅ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ከሁለት ሰዎች ኋላ ተሰልፋለች። ጋሽ ግቡ ያያት ከፊቷ ያለው ሰው ሲዞር ነው። በዚያው ቅጽበት ዋናዋ ሐኪም ማኅተም ፈልጋ ገብታ ከጀርባው ያለውን መሳቢያ ትበረብራለች፤ ሽቶዋ እስከ ማጅራቱ ይደርሳል።

እትዬ እንደ ማንኛውም ሰው አጎነበሰች። «እንደው ትንፋሼ አልሄድ ብሎኝ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንተ እንዳትቸገር ብቻ።»

«ግቢ» የምትለዋ ቃል እስከ ምላሱ ጫፍ መጣች። ከኋላው መሳቢያው ተዘጋ፤ ሐኪሟ ግን አልወጣችም።

«ቀጠሮ አለዎት?» አለ።

«እርስዎ» ትልቅ ቃል ነው። ዳኛ ይባልበታል፤ የማያውቁት ሽማግሌ ይባልበታል። ወንድሟ አፉን ከፈታ ጀምሮ «አንቺ» ሲላት የኖረች እህት ስትባለው ግን ፊት ላይ እንደሚዘጋ በር ነው። እትዬ ዓይኗን ከፍ አድርጋ በመስታወቱ አየችው። ቦርሳዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«የለኝም።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ይምጡ።»

«እሺ ጌታዬ» አለችና ዞረች።

ደረጃው አሥራ ስምንት ነው። ጋሽ ግቡ ለሚቀጥለው ሰው ካርድ እየጻፈ በጆሮው ይቆጥራት ነበር። ሰባተኛው ላይ ኮቴዋ ቆመ። የካርዱ ባለቤት የአያቱን ስም እየነገረው ነው፤ አልሰማውም። ከዚያ ስምንተኛው ተሰማ፤ ዘጠነኛውም። ሐኪሟ ማኅተሟን ይዛ ከሄደች ቆይታለች።

አምስት ሰዓት ገደማ ሲስተር አንድ ወረቀት እያውለበለበች መጣች። ክሊኒኩ የሚያካሂደውን የአዲስ መድኃኒት ጥናት የምትይዘው እሷ ናት። «ጋሽ ግቡ፣ አንድ ሰው ጎደለኝ» አለች። «ስኳር ያለባት፣ ልቧ መድከም የጀመረ፣ ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነች ሴት። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስም ዝርዝሩ ይዘጋል፤ ሰኞ አዲሱን መርፌ እንጀምራለን። ያለ ቀጠሮ ከሚመጡት አንድ አይጠፋም ብዬ ነው፤ መቼም እርስዎ ዘንድ ሰው አይታጣ!»

«ዛሬ ታጣ» አለ ጋሽ ግቡ።

ሲስተር ከሄደች በኋላ ሰባተኛው ደረጃ ላይ የቆመው የእህቱ ኮቴ በጆሮው መጣበት። ከዚያ የመሳቢያውን ቁልፍ፣ የተራ ቁጥር ማኅተሙን፣ የደረቱን ፕላስቲክ ሰበሰበ፤ ኮሪደሩን አቋርጦ ሐኪሞቹ ሻይ ወደሚጠጡበት ክፍል ገባና ሦስቱንም ዋናዋ ሐኪም ፊት፣ ከስኳር አልባው ሻይዋ አጠገብ አስቀመጠ።

«እስከ ሰኞ ምን ያስጠብቃችኋል፣ ዛሬውኑ ልረከብ... ላስረክብ እንጂ» አለ። ምላሱ ተሳሰረ። «በከፊል የሚባለውንም አልፈልግም። ሙሉ በሙሉ ይሁን።»

«ምኑ?»

«እግዱ።»

«ማን ነው ያገደዎት?»

«እርስዎ። ዛሬ ጠዋት። የመጣውን ሁሉ ይቀበላል፣ እሱ ከታገደ ስኳርም ይረጋጋል፣ ልብም ታርፋለች ብለዋል። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

ቀድሞ የገባው ወጣቱ ሐኪም ነው፤ ሻዩ በአፍንጫው መጣ። ዋናዋ ግን እንደ ጥሩ ሰው እስክታስረዳው ድረስ ሳቋን ያዘች። «ጋሽ ግቡ፣ ተቀባይ ያልነው እርስዎን አይደለም። ሆርሞን ማለት መልእክተኛ ነው። በደም እየዞረ፣ አንዱ ለምሳሌ ጉበትን ‹ስኳር ልቀቅ› እያለ ያዛል። ጉበት ላይ ይህን ትእዛዝ የሚቀበል ነገር አለ፤ ተቀባይ የምንለው እሱን ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ጥሩ ሠራተኛ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ግን ትእዛዙ ይበዛል፤ እሱም የመጣውን ሁሉ ይቀበላል፤ ስኳሩ ይጨምራል፣ ልብም ትጎዳለች። አዲሱ መርፌ ተቀባዩ ላይ ቁጭ ይልና ትእዛዙ እንዳይደርሰው ያግደዋል። ልብን ያሳርፍ እንደሆነ ደግሞ ገና እያጠናን ነው።» ከዚህ በላይ አልቻለችም፤ ፊቷን በጋዋኗ ሸፍና ሳቀች። ሳቁ ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ ሲስተር ሰማችና ደገመችው፤ ላብራቶሪ ድረስ ደረሰ።

ጋሽ ግቡ አልሳቀም። «ታዲያ መልእክተኛው ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀ።

«የትኛው?»

«መልእክቱን ይዞ የመጣው። ተቀባዩ ሲታገድበት።»

«የትም አይሄድም» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «የሚሰማው ያጣል፤ ሲዞር ይውላል።»

«እህቴን መለስኳት» አለ ጋሽ ግቡ።

ሐኪሟ ሳቋን በአንድ ጊዜ አቆመች። «ምን ብላ ነበር የመጣችው?»

«ትንፋሼ አልሄድ አለኝ ብላ።»

«ሮጠው ያምጧት።»

ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው እንደሚሮጠው ሮጠ፤ ከእግሩ ይልቅ እጁ ይፈጥን ነበር። ዘበኛው «ባለ ሰማያዊ ሹራቧን? ወደ ማቆሚያው ሄደች፤ ግን እንጃ፣ አካሄዷ አላማረኝም» አለው። ሩቅ አልሄደችም። ደብተር የሚሸጥና ፎቶ ኮፒ የሚያነሣ ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው አስቀምጠዋታል። ማሽኑ ከኋላዋ ብርሃኑን እያመላለሰ ይሠራል። ከንፈሯ የሹራቧን ቀለም ይዟል።

«እትዬ።»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ሣጥኑ የባለ ሱቁ ነው» አለች ቀና ሳትል። «ትንሽ አርፌ እሄዳለሁ።»

«እትዬ፣ እንዲህ አታድርጊኝ።»

«እርስዎ ሥራ ይፈታሉ። ነገ... ጠዋት... እመጣ የለም?» በየቃሉ መካከል አየር ትፈልጋለች።

ሊያስረዳት አጎነበሰ። ነገሩ ሐኪሟ አፍ ላይ ቀላል ነበር፤ እሱ አፍ ላይ ተበላሸ። «እኔን ያገዱኝ መስሎኝ ነው። ለካ የታገድኩት እኔ አይደለሁም፤ ጉበት ነው። ተቀባዩ ጉበት ላይ ነው ያለው፣ እኔ ደግሞ...»

እትዬ ቀና አለች። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ጠፍቶ በምትኩ ድንጋጤ መጣ። «ጉበትህን አመመህ እንዴ?» አለችው። «መቼ ነው? ለምን አልነገርከኝም?»

«አላመመኝም እትዬ።»

«እየዋሸኸኝ ነው።»

«አንቺ ሙች። ተነሺ፣ እነግርሻለሁ።»

መነሣት አልቻለችም። ዘበኛው በሩን ጥሎ መጣ፤ ባለ ሱቁ ከውስጥ ደህና ወንበር አወጣ፤ ወንበሩ ላይ አስቀመጧትና አሥራ ስምንቱን ደረጃ ተሸክመው አወጧት። መንገዱን ሙሉ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቀስ በሉ፣ ጉበቱን ያመዋል።»

ልብ ክፍል ውስጥ ዋናዋ ሐኪም ደረቷን አዳመጠች፤ እግሯን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገች፤ ጣቷ የነበረበት ቦታ እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ። ሲስተር ስም ዝርዝሯን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ሐኪሟ ሳትዞር ራሷን ነቀነቀች፤ ሲስተርም ወረቀቷን አጥፋ ኪሷ ከተተች። «ለጥናቱ አትሆንም» አለች ሐኪሟ ለጋሽ ግቡ። «አሁን ጥናት የሚያስጠብቅ ጊዜም የላትም። መጀመሪያ ሰውነቷ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ እናስወጣላታለን። ኩላሊቷ ደህና ከሆነ ደግሞ ከድሮ የምናውቀው ኪኒን አለ፤ እሱም ሌላ ሆርሞን የሚቀበለውን ተቀባይ ያግዳል። ለእንዲህ ዓይነት ልብ ብዙ ጊዜ ሠርቷል። ነገ ጠዋት ብትመጣ ኖሮ...» አለችና ቀሪውን ትታ ውሃ የሚያስወጣውን መርፌ አዘዘች። ጋሽ ግቡ ወጥቶ መሄድ ነበረበት፤ ወንበሩ ባዶ ነው፤ የመጣ ሰው መስታወቱን በሳንቲም ሲያንኳኳ ይሰማል። አልሄደም።

ኦክስጅኑ ከተሰካላት በኋላ የከንፈሯ ቀለም ቀስ እያለ ተመለሰ። ሐኪሟ ቅጹን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መጠየቅ ጀመረች።

«ማታ ሲተኙ በስንት ትራስ ነው?»

«በአንድ» አለች እትዬ።

«በሦስት» አለ ጋሽ ግቡ ከግድግዳው ጥግ።

ሐኪሟ የጻፈችውን ሰረዘችና ሦስት ብላ ጻፈች። እትዬ አልዞረችም፤ ጣሪያውን ነው የምታየው።

«እግርዎ ማበጥ የጀመረው መቼ ነው?»

እትዬ ረጅም ትንፋሽ ወሰደች፤ ከጠዋት ጀምሮ ሙሉ ሆኖ የወጣላት የመጀመሪያው ነው። «እሱን ጠይቂው» አለች። «ለካስ ሲያይ ነው የከረመው።»

ጋሽ ግቡም ተናገረ። ጥቁሩን ጫማዋን ትታ ክፍቱን መጫማት ከጀመረች ሰባት ሳምንት እንደሆናት ተናገረ። ከገበያ ስትመለስ ከበሩ ሳትገባ ግድግዳውን ይዛ እንደምትቆም፣ እሱም በመስኮት እያየ እስክትገባ ጋዜጣ የሚያነብ መስሎ እንደሚቆይ ተናገረ። ትራሱ በመጀመሪያ ሁለት እንደሆነ፣ ሦስተኛው የእሱ ትራስ እንደነበር፣ ከአልጋው ላይ ሲያጣው እንዳልጠየቀ፣ ካፖርቱን አጥፎ መተኛት እንደጀመረ ተናገረ። ሳሏን በቧንቧው ድምፅ ለመሸፈን ውሃ እንደምትከፍት ተናገረ። ይህን ሁሉ የሚያወራው ለሐኪሟ ነው፤ ዓይኑን ግን ከአልጋው ብረት አላነሣም፤ ሐኪሟ ትጽፋለች፤ ቅጹ ሞልቶ ጀርባው ላይ ቀጠለች። እትዬ ዓይኗን ጨፍና የሌላ ሰው ወሬ እንደምትሰማ ሁሉ ታዳምጠው ነበር፤ «ለመጀመሪያ ጊዜ መተላለፊያው ላይ ቁጭ ብላ ያየኋት ባለፈው ሐሙስ ነው» ሲል ብቻ አቋረጠችው።

«ሐሙስ አይደለም» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «ረቡዕ ነው።»